በቆላ አገር ምድጃ ከግድግዳ ምን ያህል መራቅ ይገባዋል

በመተማና በዙሪያው ባለው ቆላ ጎጆ ሲቀለስ ምሰሶው የት እንደሚቆም፣ በሩም ወዴት እንደሚከፈት ወንዶቹ ቆመው ይመካከራሉ። ምድጃው የት ይቀመጥ ብሎ የሚመክር ግን የለም። ቤቱ ተከድኖ ካለቀ በኋላ በተረፈው ጥግ ይቀመጣል፤ ነገሩም የሴቶች ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በገዛ ቤታችን የሆነውን ነገር እስክናይ ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ይህንንም ጽሑፍ የምናቀርበው ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውንና በትምህርታችን ካገኘነው ጋር አስተያይተን የደረስንበትን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ምዕራብ ጎንደር ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ቆላ ሲሆን ዋና ከተማው ገንዳ ውሃ ነው። ከድንበሩ ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በዚያ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው፤ ከማዶዋም የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። በመጋቢትና በሚያዝያ በጥላ ሥር የሚለካው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የአገሩ ጎጆ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ከሽመልና ከልዩ ልዩ እንጨት የተማገረ፣ ክዳኑም ሣር ነው። ደገኛው ብርድን ፈርቶ ግድግዳውን አጥብቆ ሲመርግ፣ ቆለኛው ነፋስ እንዲገባለት ሲል ገሚሱን ሳይመርግ ይተወዋል፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይመርገውም። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ በአራት ባላ ላይ ሣር ወይም አገዳ የተከደነበት ዳስ ይቆማል፤ ይህንም ከሱዳን በመጣ ቃል ራኩባ ይሉታል። በበጋ ወጥ የሚሠራው፣ ቡና የሚፈላው፣ እንግዳም የሚቀመጠው በዚሁ ራኩባ ሥር ነው። እንግዲህ ከሚቀመጡበት እስከሚተኙበት፣ ከጥላው እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሁሉ ለስምንት ወር ያህል በፀሐይ የደረቀ ማገዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምድጃውን ስንመለከት፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ሦስት ጉልቻ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በከተማም በገጠርም ተስፋፍቷል። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል ድንጋይ ጠጠር በቅርጽ እየፈሰሰ በክፍል በክፍል ይሠራል። አራቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ተገጥመው ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ይሆናሉ። ለእንጀራ ጋገራ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ሴቲቱን ከወላፈን ያድናታል፤ እሳቱም እንደ ጉልቻው በየአቅጣጫው አይበተንም። በዚህ ሁሉ የሚመሰገን ነገር ነው። ሆኖም ከግድግዳ ጋር ያልተያያዘ፣ ለብቻው የሚቆም ምድጃ ስለሆነ ባለቤቱ በፈለገበት ሊያቆመው ይችላል። ጉልቻውን ከግድግዳ ሥር የሚጎልት ሰው የለም፤ ነበልባሉን እያየ ይፈራዋልና። የሲሚንቶውን ምድጃ ግን እሳቱ ተሸፍኖ ስለሚታየው እንደ ሣጥን ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ምድጃውን ያመጣነውም ያቆምነውም እኛው ራሳችን ነን፤ ከግድግዳው የራቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እናታችን እንዲህ ያደረገችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከበሩ የሚገባው ነፋስ እሳቱን እየበተነ ስላስቸገራት ግድግዳው እንዲከልልላት ፈለገች፤ ደግሞም ማድ ቤቱ ጠባብ በመሆኑ የውሃው እንስራና የሊጡ ቡሃቃ የሚቀመጡበት ስፍራ ያስፈልጋት ነበር። ከኋላው ያለው ግድግዳ በጭቃ የተመረገ ስለሆነ ጭቃ አይነድም ብለን ሁላችንም ተማመንን። ሁለት ክረምት ያለ አንዳች ነገር አለፈ። በሦስተኛው ክረምት አንድ ቀን ለማኅበር ድግስ ከጧት እስከ ማታ ሲጋገር ዋለ። ሌሊት ሁላችንም ከተኛን በኋላ አያታችን «ልጆቼ ተነሡ፣ ግድግዳው ያጨሳል» ብለው ቀሰቀሱን። ምድጃው ከበረደ ብዙ ሰዓት ሆኖታል፤ በውስጡም ፍም አልነበረም። ነገር ግን ከምድጃው ኋላ ያለውን ምርጊት በዶማ ስናፈርሰው በውስጡ ያለው ሽመል ከሰል ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ቀልቶ፣ እሳቱ በቀዳዳው ውስጥ ወደ ላይ ወደ ክዳኑ ሲወጣ አገኘነው። ክዳኑ በዝናብ ርሶ ስለነበረና ውሃም በደጅ በበርሜል ሞልቶ ስለነበረ ቤቱ ተረፈ። ይህ የሆነው በሚያዝያ ቢሆን ኖሮ እኛም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልበቃን ነበር፤ ታናሽ ወንድማችን የሚተኛው ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ በተያያዘው ክፍል ነበርና።

ታዲያ እሳት ሳይነካው ሽመሉ እንዴት ነደደ? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ሙቀት የሚጓዝባቸውን ሦስት መንገዶች አስተምረውን ነበር፤ እኛ ግን ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አድርገን ይዘነው ኖረናል። አንደኛው ጨረር ነው፤ ይህም ፀሐይ እንደምታሞቀን ያለ መካከለኛ ነገር ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል። ከትንሽ ፍም የሚወጣው ጨረር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል። ምድጃው ሰፊ ሲሆንና ግድግዳውም በጣም ሲቀርበው ግን ቅናሹ ይህን ያህል ፈጣን አይደለም፤ በቅርብ ያለው ግድግዳ የሚያየው አንድ ነጥብ ሳይሆን ሙሉ ትኩስ ገጽ ነውና። ሁለተኛው በአየር የሚወሰደው ሙቀት ነው። የምርጥ ምድጃ ጭስ የሚወጣው ከኋላ በኩል ነው፤ ድስት ካልተጣደበት በቀር ትኩሱ ጭስ፣ አንዳንድ ጊዜም የነበልባሉ ጫፍ፣ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ይልሳል። ሦስተኛው በአካል ውስጥ የሚያልፈው ሙቀት ነው። ጭቃው ራሱ ባይነድም ሙቀቱን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ አሳልፎ ይሰጣል፤ ሽመሉ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር የሚያበርደው አየር አያገኝም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ደረቅ እንጨት በአንድ ጊዜ ለመንደድ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከዚህ በጣም ባነሰ፣ ከ100 ዲግሪም በታች በሆነ ሙቀት ለወራትና ለዓመታት ሲጠበስ ከቆየ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ይከስላል፤ ከዚያም በኋላ ለመንደድ የሚበቃው ሙቀት ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። በሁለት ክረምት ምንም ስላልሆነ ምድጃው በደኅና ቦታ ነው ማለታችን ስሕተት የነበረው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጋገራ ሽመሉን ለሚቀጥለው ጋገራ ያሰናዳው ነበር።

በቀዝቃዛ አገር ያሉ ሕዝቦች በብረት ምድጃ ቤታቸውን ሲያሞቁ ብዙ ዘመን ስለኖሩ በዚህ ነገር ደንብ አውጥተዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ ያልተፈተነ የእንጨት ምድጃ ከሚነድ ግድግዳ 91 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ይታዘዛል፤ ይህም በእኛ አለካክ ሁለት ክንድ ያህል ነው። ስንዝር ላስቀመጥን ለእኛ ይህ ቍጥር ምን ያህል እንዳስደነገጠን አንባቢ ይገምት። ተፈትኖ ምልክት የተሰጠው ምድጃ ሲሆን ግን ርቀቱን የሚወስነው ፈተናው ነው፤ በፈተናውም ጊዜ የግድግዳው ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት በላይ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ከሚሆን ልክ እንዳይበልጥ ይጠበቃል።

ይህን ቍጥር ግን እንዳለ ተቀብሎ ወደ መተማ መውሰድ አይገባም የሚል አሳብ አለን፤ ምክንያቱም ይህ ነው። የግድግዳው ሙቀት ከክፍሉ በላይ በ50 ዲግሪ ቢጨምር፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ በሆነበት አገር ግድግዳው 70 ይሆናል። በመተማ በሚያዝያ ቀትር ክፍሉ ራሱ 40 ነው፤ እንግዲያውስ ያው ምድጃ፣ በዚያው ርቀት፣ ግድግዳውን 90 ዲግሪ ያደርሰዋል። ደገኛው ዘመዳችን በደባርቅ ያለ ክፉ ነገር የሚኖርበት ርቀት ለእኛ አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ በቆላ ሁለት ክንድ የመጨረሻው ትንሽ ልክ ሊሆን ይገባዋል እንላለን፤ ይህም ለተመረገ ግድግዳ ነው። ላልተመረገ ሽመል፣ ለአገዳና ለሣር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሣር ቀጭን በመሆኑ ቶሎ ይሞቃል፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ፍንጣሪ ደግሞ ሁለት ክንድ ብሎ አይቆምም። ያልተመረገ ግድግዳ ባለበት ማድ ቤት ምድጃ ከማስገባት በፊት ቢያንስ በምድጃው በኩል ያለውን ወገን መመረግ ያስፈልጋል።

አሁን ከዋናው ችግር ላይ ደረስን። ሁለት ክንድ ራቁ ማለት ቀላል ነው፤ ቦታው ግን ከየት ይመጣል? ወገቡ 4 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ እንውሰድ። ከግድግዳው እስከ መካከለኛው ምሰሶ 2 ሜትር ነው። ከዚህ ላይ 91 ሳንቲ ሜትር ለርቀቱ ይነሣ፤ ምድጃው ከነጭስ ማውጫው ወደ 1 ሜትር ይወስዳል። የሚቀረው 9 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ጋት ብቻ ነው። ምሰሶውም እንጨት ነው! ጋጋሪዋስ የት ትቀመጣለች? እንጨቱስ ወዴት ይማገዳል? እናቶቻችን ምድጃውን ወደ ግድግዳ ያስጠጉት ስለማያውቁ ነው የሚል ሰው ይህን ሂሳብ አስቀድሞ ቢሠራው መልካም ነበር።

ከዚህ የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማድ ቤቱን ያለ ምሰሶ መሥራት ወይም አራት ማዕዘን ማድረግ ነው። ትንሽ ጎጆ ያለ ምሰሶ ሊቆም እንደሚችል ማንኛውም ቤት ሠሪ ያውቃል። ምሰሶ በሌለበት ምድጃውን ወደ መካከል ማምጣት ሌላም ጥቅም አለው፤ የጎጆ ክዳን ከዳር ወደ መካከል ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ምድጃው ከግድግዳው አንድ ክንድ በራቀ ቍጥር ክዳኑም ከራሱ በላይ ወደ አንድ ክንድ ይርቅለታል። ከግድግዳ ሥር ያለ ምድጃ ግን በጎንም በላይም እሳት ይጎርሳል።

ሁለተኛው መከለያ ማቆም ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሰው መከለያ ሲባል ቆርቆሮውን በግድግዳው ላይ በሚስማር ይመታዋል። ይህ ምንም ያህል አይረዳም፤ ቆርቆሮው ይግላል፣ የተያያዘውን እንጨትም ያግላል። መከለያ የሚጠቅመው ከኋላው አየር ሲኖር ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው በአንድ አውራ ጣት ስፋት፣ ማለት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከታችም ከላይም ክፍት ሆኖ ሲቆም፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ እየሞቀ ከላይ ይወጣል፤ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። በዚያው በአሜሪካው ደንብ እንዲህ ያለ መከለያ 91 ሳንቲ ሜትሩን ወደ 30 እንዲያንስ ያስፈቅዳል። ውፍረቱ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጡብ ግንብ ያለ አየር ክፍተት ቢቆም ግን ወደ 61 ብቻ ነው የሚያወርደው። ከዚህ እንደምናየው ባዶ አየር ከጡብ ይልቅ ይበልጥ ይሠራል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። በመተማ ያረጀ የዘይት በርሜል ተቀዶ ሲዘረጋ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቆርቆሮ ይወጣዋል። ከግርጌው ሁለት ድንጋይ ላይ ይቁም፤ ከግድግዳው የሚያርቁት ማያያዣዎችም ከምድጃው ትክክል ኋላ ሳይሆን ከዳርና ከዳር ይሁኑ፤ በሚስማሩ በኩል ሙቀት እንዳይሻገር።

ስለ ምርጊቱም አንድ ነገር እንጨምር። የአገሩ አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዋልካ የተመረገ ግድግዳ በጥር ወር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ፍንጣሪም በዚያ ገብታ ሽመሉን ታገኘዋለች። አሸዋ ወይም የኩይሳ አፈር ከእበትና ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲመረግ ስንጥቁ ይቀንሳል። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ መልሶ መለቅለቅ ግን የማይቀር ሥራ ነው።

ከምድጃው ፊት ለፊት ያለው አደጋ ከኋላው የተለየ ነው። ማገዶው ረዥም ከሆነ ግማሹ ከምድጃው አፍ ውጭ ይቀራል፤ እሳቱ እንጨቱን ተከትሎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጫፉም ተቆርጦ ይወድቃል። ስለዚህ በፊት በኩል ቢያንስ የረዥሙ እንጨት ልክና ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ባዶ መሬት ያስፈልጋል። በዚህ ባዶ መሬት ላይ ሰሌን፣ ጭራሮ፣ የደረቀ ቄጠማም መኖር የለበትም። ልብስም መታሰብ አለበት፤ ሴቲቱ በነጠላ ሆና ከጀርባዋ ግድግዳ ከፊቷ እሳት በሆነበት ጠባብ ስፍራ ስትቀመጥ፣ ነጠላው ቢያያዝ የምትሸሽበት የላትም። በርና ምድጃ ፊት ለፊት ሆነው ነፋሱ እሳቱን ቢበትነው መጥፎ ነው፤ ነገር ግን ለመውጣት በምድጃው ላይ መሻገር የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ የባሰ ነው። እኛ የምንመክረው ምድጃው ከበሩ በስተጎን ሆኖ፣ ጋጋሪዋ በእሳቱና በበሩ መካከል እንድትሆን ነው።

ወደ ላይም ስንመለከት ከክዳኑ ሌላ ሁለት የተረሱ ነገሮች አሉ። አንዱ ዘርና በርበሬ በጭስ እንዲደርቅ ከምድጃው በላይ የሚሠራው ቆጥ ነው። ነቀዝን ስለሚያባርር ጥቅሙ አይካድም፤ ሆኖም ከምድጃው አናት ላይ መሆን የለበትም። ጭሱ በቤቱ ሁሉ ይዞራልና ወደ ጎን ቢሆንም ይደርሰዋል። ሁለተኛው ጥቀርሻ ነው። ከክዳኑ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጥቍር ክር ራሱ የሚነድ ነገር ነው፤ በረዥም እንጨት መጥረጊያ ታስሮ በየወሩ ቢጠረግ ትልቅ አደጋ ይቀራል።

ከቤት ወጥተን ደግሞ በቤትና በቤት መካከል ያለውን ርቀት እንይ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል፤ በሸራና በላስቲክ መጠለያ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሣር ቤት ባለቤት ይልቅ ለእሳት የተጋለጠ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰፈር በዓለም አቀፍ የርዳታ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ልክ በመጠለያና በመጠለያ መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል የመጠለያው ቁመት እጥፍ እንዲሆን፣ በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት እንዲተው ነው። የመተማን የቆዩ ሰፈሮች በዚህ ልክ ብንለካቸው ብዙዎቹ ይወድቃሉ፤ ራኩባው የዚህን ቤት ክፈፍ ከዚያኛው ቤት ክፈፍ ጋር እያገናኘ እሳት የሚሻገርበት ድልድይ ሆኗልና። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ በየእርሻው የሚሰፍሩት ሠራተኞች፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጎች፣ የሚያበስሉበትም ስፍራ ከተቆለለው ሰሊጥና ከመኝታቸው ዳስ ርቆ፣ ነፋሱ ከሚሄድበት ወገን መሆን አለበት። ነፋሱን ለማወቅ ዕፍኝ ጭድ ወደ ላይ መበተን ይበቃል።

ስለ ከሰል ማንደጃ ብዙ አንናገርም። ትንሽና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ማንም አይፈራውም፤ በቡና ጊዜም በደረቀ ቄጠማ መካከል ይቀመጣል። ከማንደጃው ሥር ሰፊ ድንጋይ ወይም አሸዋ የሞላበት ትሪ ማድረግ፣ ቄጠማውንም አንድ ክንድ ያህል መግፋት ያስፈልጋል። ሌሊት ግን ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት በምንም ርቀት አይድንም፤ የሚገድለው ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር እንጂ እሳቱ አይደለምና። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባላቸው ሰዎችም ከዚህ ነገር ነፃ ወጣን ማለት የለባቸውም። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ በመሆኑ ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ቢቀጠል የሚግለው ሽቦው ነው፤ ሽቦውም የሚያልፈው በዚያው በሽመሉ ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ሰው ሜትር ባይኖረው እንዴት ይፈትን ቢባል፣ መልሱ በእጁ ነው። ረዥም ጋገራ ባለቀ ጊዜ መዳፉን በምድጃው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ያኑር። ሳይጨነቅ ቀስ ብሎ እስከ ሠላሳ እየቈጠረ ሊቆይ ከቻለ ግድግዳው ወደ 50 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው። ማንሣት ግድ ከሆነበት ምድጃው ቀርቧል። ፈተናው የሚደረገው በጋገራው መጀመሪያ አይደለም፤ ጭቃ ሙቀትን ዘግይቶ የሚቀበል ስለሆነ በመጨረሻው፣ ከተቻለም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና መሆን አለበት። በክረምት የተሳካውም በሚያዝያ ይደገም።

በቤታችን ያደረግነው ይህ ነው። የተቃጠለውን ወገን አፍርሰን ሽመሉን በአዲስ ለወጥን፤ በኩይሳ አፈር መረግነው። ማድ ቤቱን ማስፋት ስላልቻልን ምድጃውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ከስንዝር አራቅነው፤ በመካከሉም የበርሜል ቆርቆሮ በድንጋይ ላይ አቆምን። ነፋሱን በሚመለከት እናታችን የተናገረችው እውነት ስለነበረ ከበሩ አጠገብ እስከ ወገብ የሚደርስ የጭቃ መከለያ ሠራንላት። እንስራው ወደ ደጅ ወጣ፤ በዚህ እስካሁን ታጉረመርማለች። ባለፈው ሚያዝያ ለዕረፍት በገባን ጊዜ ከጋገራ በኋላ እጃችንን ከቆርቆሮው ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ አድርገን እስከ ሠላሳ ቈጠርን፤ አያታችንም ከኛ በኋላ እጃቸውን አኑረው ቈጠሩ።